ወይዘሮ ወርቅውሃ ይበሉኝ

ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ይርገዱ አፈሩ እየተመለሰ ቆጠረቻቸው፤ ሁለት ቄስ፣ አንድ ዲያቆን፣ አራት ቃሬዛ ተሸካሚ፣ ከራሷ ግቢ የተከተሏት ሦስት ሴቶች፣ አንድ መቃብር ቆፋሪ። እኅቷ ዕድሜዋን ከጨረሰችበት ሰፈር፣ ከቀሐ፣ ዝር ያለ ሰው የለም።

ይርገዱ አልቃሽ ናት። ማንም አላስተማራትም። ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ከወረደች ጀምሮ በየለቅሶው ቤት እየቆመች፣ የሟቹን ታሪክ ከዘመድ አፍ እየለቀመች፣ በራሷ ጊዜ ለመደችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንቱን ስታስለቅስ ኖራለች። እሷ አንድ ስንኝ ስታወርድ ድንኳን ሙሉ ሴት ተቀብሎ ይመልስላታል። ያን ሐሙስ ግን አፏን ከፈተች፣ ዞር ብላ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ተቀባይ የሌለው ሙሾ ምኑ ሙሾ ነው? ብቻውን የሚለፈልፍ እብድ መምሰል ነው።

"በይ እንግዲህ፣ እግዜር ያጥናሽ" አሏት ትልቁ ቄስ ጥላቸውን እያጠፉ።

"አሜን" አለች። እንባ አልወጣትም። ጥርሷ ግን እርስ በርሱ ሲፋጭ ለራሷ ተሰማት።

ቃል ነበረባታ። ለሟቿ የገባችው አንድ ቃል።

ወርቅውሃ ይርገዱን በስምንት ዓመት ትበልጣታለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከኮሶዬ መጥታ እሜቴ ሸዋረጋ ቤት ወጥ ቤት ገባች። እሜቴ ሸዋረጋ የባላባት ልጅ፣ የባላባት ሚስት ነበሩ፤ ያለ "እሜቴ" ስማቸውን የሚያነሣ ሰው በዚያ ሰፈር አልነበረም። ልጅቱን ገና ከደጅ ሲያዩዋት፣ ስምሽ ማነው አሏት። "ወርቅውሃ" አለች። እሜቴ ሳቁ።

"ይኼማ ለወጥ ቤት ይበዛል። ድንቄ እንበላት" አሉ።

በዚያው ድንቄ ሆና ቀረች። ቤተሰቡ ድንቄ አላት፣ ጎረቤቱ ድንቄ አላት፣ ገበያው ድንቄ አላት። ከሠላሳ ዓመት በላይ እሜቴ "አንቺ ድንቄ!" ሲሉ እሷ "አቤት እሜቴ!" ስትል ኖረች። የቤቱ ልጅ ስንዱ ስትወለድ ያጠበቻት፣ ያዘለቻት፣ ንፍጧን የጠረገችላት ወርቅውሃ ናት። ስንዱ አፍ ስትፈታ ግን "እትዬ ስንዱ" እንድትላት ታዘዘች። የሠላሳ ዓመት ሴት የአራት ዓመት ሕፃን ፊት እጅ ነስታ ቆማ፣

"እትዬ፣ ወተትዎን ይጠጡ እንጂ" ትላለች።

"አልጠጣም! ሂጂ አንቺ!" ትላለች ሕፃኗ።

ይርገዱ ይህን በዓይኗ አይታለች። ያን ጊዜ ስቃለች። ዛሬ ስታስበው ያንን ሳቋን ከአፏ ጎትታ አውጥታ መርገጥ ያሰኛታል።

እሜቴ ሸዋረጋ የሞቱት አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቤታቸው ተወርሷል፣ መሬታቸው ተወስዷል። ያኔ ግን ሰው ገና ለቅሶ መፍራት አልጀመረም ነበርና አገር ተሰብስቦ አለቀሰላቸው። አልቃሿ ይርገዱ ነበረች።

እሜቴ ተነሱ ካልጋው ከወንበሩ፣
ማን ይቀበል ይሆን እንግዶች ቢያድሩ።

ግማሽ ቀን እሜቴ፣ እሜቴ ስትል ዋለች። ወርቅውሃ ደግሞ ከድንኳኑ ጀርባ ድስት ስትፈገፍግ ዋለች። አመሻሹ ላይ አብረው ሲመለሱ ወርቅውሃ መንገድ ላይ ቆም አለች።

"ይርጌ።"

"እ?"

"ቅድም ሸጋ አድርገሽ አለቀስሽላቸው።"

"ሥራዬ አይደል።"

"እኔ የሞትኩ ዕለት ምን ትይኛለሽ?"

"ምነው እታለም፣ ዛሬ ምን ነካሽ?"

"ድንቄ እንዳትይኝ። እናታችን ያወጣችልኝን ስም ጥሪኝ። ወይዘሮ በይኝ። ወይዘሮ ወርቅውሃ አንዳርጋቸው፣ ከነአባቴ። የእድሩ ጥሩምባም እንደዚያ ብሎ ይጥራ፤ ሰፈሩም ሰምቶ እንደዚያ ይበለኝ። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ወዲያ አፈር ነኝ፤ ምንም አልጠይቅሽም።"

ይርገዱ በእናታቸው አጥንት ማለችላት።

ሦስት ዓመት አለፈና በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ወርቅውሃ ታመመች። ይርገዱ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወዳለችው ቤቷ ወስዳ ሦስት ሳምንት አስታመመቻት። የቀሐ ሰፈር፣ ድንቄ ጠበል ሄዳለች ብሎ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ነፍሷ ወጣች። ይርገዱ ዓይኗን ከድና፣ አገጯን አስራ፣ በቀጥታ የሮጠችው ወደ ቀሐው እድር ጥሩምባ ነፊ ወደ አያ ክንዴ ነው።

"ወይዘሮ ወርቅውሃ አንዳርጋቸው አርፈዋል ብለው ይጥሩ" አለቻቸው። "ድንቄ የምትል ቃል ከአፍዎ እንዳትወጣ። ይማሉልኝ።"

ሽማግሌው ማሉላት። እንዳይረሱትም ሦስት ጊዜ ደገሙት። ይርገዱ ልቧ አርፎ ወደ ሬሳው ተመለሰች። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰው ቀበረ።

ዓርብ ጧት የአያ ክንዴን አጥር ይዛ ነቀነቀችው።

"አያ ክንዴ! ይውጡ! ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቀው አያመልጡኝም!"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። "ጠራሁ እኮ ይርጌ። ማርያምን፣ በየመንገዱ ዞሬ ጠራሁ።"

"ምን ብለው?"

ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈች ወረቀት አወጡ። የቀበሌው ማኅተም አለባት።

"እንግዲህ ዘንድሮ ጥሩምባ ያለ ቀበሌ ማኅተም አይነፋም። ላስፈቅድ ብዬ ብሄድ ሊቀመንበሩ ከመዝገብ አስገልብጦ ይህችን ሰጠኝ። እኔ ማንበብ አልችል፤ ጸሐፊው አነበበልኝ። 'ጓድ ወርቅውሃ አንዳርጋቸው ተሰውታለች' ነው የሚለው።"

"ጓድ?"

"ወይዘሮ የፊውዳል ነው አለኝ። ከተጻፈው ውጭ አንዲት ቃል ብትጨምር አንተንም ጥሩምባህንም እንወርሳችኋለን አለኝ። ሲወርሱ አይቻለሁ ይርጌ። ይወርሳሉ።"

"ታዲያ ድንቄ ናት ቢሉ ምን ነበረበት? በሹክሹክታ እንኳ!"

"ኧረ ሴትዮ! ድንቄ እንዳይሉ ብለሽ ያስማልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

ይርገዱ አጥሩን ለቀቀችው። እውነታቸውን ነው። ሰፈሩ ወርቅውሃ የሚባል ሰው አያውቅም። ወርቅውሃን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በዚህ መካከል ከጎን አጥር እጅጋየሁ ብቅ አለች። እጅጋየሁ የእሜቴ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የወርቅውሃ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ጨው ሲያልቅባቸው በመስኮት የሚቀባበሉ ሴቶች ነበሩ። ዓምና ትልቁ ልጇን ወስደው ገድለው መንገድ ዳር ጥለውት፣ እንዳታለቅስ ሁለት ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ደጇ ላይ ሦስት ቀን ቆመውባታል።

"ይርጌ! በጧት ምን እግር ጣለሽ? ድንቄስ ተሻላት? ከጠበል ተመለሰች?"

"ትናንት ቀበርኳት።"

እጅጋየሁ አጥሩን ይዛ ቀረች። "ምን? ማነው የነገረን? ትናንት የተጠራው እኮ የካድሬ ሞት ነው። ጓድ... ጓድ ወርቅ ምናምን ነው ያሉት አያ ክንዴ።"

"እሷ ናት። ስሟ ነው።"

"ወይኔ።" ሴትዮዋ ቁጢጥ አለች፤ ከአጥሩ ወዲያ ራሷ ብቻ ይታያል። "ይርጌ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሩን ዘጋ። ቀብር ካልወጣችሁ ብለው ሳያስወጡን ብለን ከየቤታችን ተደበቅን። እኔማ..."

"አንቺማ ምን?"

"እሰይ አልኩ። ጓድ ሞተ ሲባል ልጄ ትዝ አለኝና እሰይ አልኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለድንቄ! ጨው ላበደረችኝ! አፌን ምነው በዘጋው ያን ጊዜ!"

ይርገዱ በእጅጋየሁ ልትናደድ ፈለገች፤ አልቻለችም። ንዴቷ እዚያ አልቆመም፣ አልፎ ሄደ። እግሯም ተከትሎት ሄደ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የእሜቴ ሸዋረጋ ቤት ነው። ያው ሳሎን፣ ያው ከዝግባ የተሠራ ባለ መደገፊያ ወንበር። እሜቴ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ሊቀመንበሩ ደመቀ ካኪ ለብሶ ተቀምጧል።

"ጓድ ይርገዱ፣ ግቢ።"

"ማን ጓድ አደረገኝ?"

"አብዮቱ።" እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ለቅሶሽን ሰምቻለሁ። አዝናለሁ። ግን ወይዘሮ፣ እሜቴ፣ እትዬ የሚባለው ሁሉ የጭቆና ቋንቋ ነው። እኅትሽን ዕድሜ ልኳን ያጎበጣት እሱ ነው። እኛ ነፃ አወጣናት። ጓድ ማለት እኩል ማለት ነው።"

"እኩል።"

"እኩል።"

"እዚህ ቤት ስብሰባ ሲኖር ወጥ የሚሠራላችሁ ማን ነበር?"

ደመቀ እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ።

"ዓምና ለበዓሉ ሦስት በግ ያወራረደችው ማናት? 'ጓድ ድንቄ፣ ወጡን አምጪ!' ስትል በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ድሮ 'አንቺ ድንቄ፣ ወጡን አምጪ' ነበር። እሷ ድስቱ ሥር እንዳለች ናት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው የተቀየረው።"

"አፍሽን ሰብስቢ!"

"እኔ ለእሜቶቹ አልተከራከርኩም። የእነሱ እሜትነት ቢቀር ይቅር፣ ጠግበውበታል። የእኔ እኅት ግን ገና አልደረሳትም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳትቀምሰው ነው ከአፏ የነጠቃችሁባት። ባለጠጋ ያልሰጣትን ድሀ አፍቃሪ ነኝ ባይ ወሰደባት!"

"ሴትዮ..."

"እናትህንስ ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው?"

"እናቴን አታንሺ።"

"ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አየኋቸው። ጠባቂህ ከፊት ከፊት እየሄደ 'ለወይዘሮ ታየች መንገድ ልቀቁ!' ሲል ነበር። ጓድ ታየች አላለም። ነው ወይስ እሳቸው ዘንድ አብዮቱ አልደረሰም?"

በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ደመቀ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

"ስሚ! ነገ ሰልስት ምናምን ብለሽ ያለ ፈቃድ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ሰው ቢሰበሰብ፣ መታሰር ብቻ አይምሰልሽ!"

"ትገድለኛለህ? ግደለኝ። የሚያለቅስልኝም የለ፤ የአገሩ አልቃሽ እኔው ነኝ።"

ወጥታ ሄደች።

ቅዳሜ ሰማዩ ሲቀላ አያ ክንዴ ደጅ ደረሰች። ሽማግሌው ነቅተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አልነፋም" አሉ ገና ሳትናገር። "ልጆች አሉኝ። ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ በይኝ።"

"አልሰድብዎትም።"

"ጥሩምባው ግን እዚያ አጥሩ ላይ ነው። ዘወትር እዚያ ነው የምሰቅለው።" ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "አሁን ደግሞ ዓይኔን እያመመኝ ነው። ማን እንደወሰደው አላየሁም።"

ሴት ጥሩምባ ስትነፋ በቀሐ ታይቶ አይታወቅም። መጀመሪያ ስትነፋው እንደ ጥጃ አጓራ። ከአንድ ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ ሰማች። ሁለተኛ ነፋችው። በሦስተኛው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ውሾቹ ሁሉ ጮኹ። ከዚያ ጥሩምባውን ከአፏ አንሥታ በራሷ ድምፅ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው በሚያስለቅሰው ድምፅ፣ ተጣራች።

"ስሙ! እናንተ ድንቄ ያላችኋት! ሠርጋችሁን የሠራችላችሁ፣ ተዝካራችሁን ያበሰለችላችሁ! ድንቄ የእሜቴ ስም ነው፤ የእሷ አይደለም! ሐሙስ የተጠራችው እሷ ናት! ካድሬ አልሞተም! ወይዘሮ ወርቅውሃ አንዳርጋቸው ናቸው ያረፉት! ዛሬ ሰልስታቸው ነው! በራችሁን ክፈቱ!"

ከቤት ወደ ቤት እየሄደች ያንኑ አለች። የመጀመሪያው በር የእጅጋየሁ ነው የተከፈተው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ፀጉሯን ፈትታ ወጣች። ቀጥሎ ከወዲያ ማዶ ሁለት ሴቶች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ። የወርቅውሃ አንድ ክፍል ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግቢው ሞላ፤ ከዚያ መንገዱ ሞላ። ብዙዎቹ የሚሉት ጠፍቷቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት በአንድ ስም የጠሩትን ሰው በሌላ ስም ማልቀስ ቀላል አይደለም።

ይርገዱ መሐል ቆመች። ሐሙስ ሳትለው የቀረችውን ሙሾ አወረደችው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድስት ያጠቆራቸው፣
ወይዘሮ ወርቅውሃ ዛሬ ሰው ይጥራቸው።

አንዲት ሴት "ድን..." ብላ ጀምራ አቋረጠች። እጅጋየሁ ደረቷን መታችና፣ "ወይዘሮ ወርቅውሃ!" አለች። ሌላዋ ተቀበለች። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። ከዚያ ግቢው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ አለ። እጅጋየሁ በመሐል የልጇን ስም ጨመረች። ማንም አላቆማትም። ዓምና ያልተለቀሰለት ሁሉ በዚያች ደጃፍ ላይ ስሙ መነሣት ጀመረ።

ጥበቃዎቹ የደረሱት ያኔ ነው። ደመቀ ከኋላቸው ነበር። የሚለው ነገር አልተሰማም፤ ለቅሶው ዋጠው። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ይርገዱ አየችው። ሰዉን መበተን ሲያቅታቸው እሷን ሁለት ክንዷን ይዘው ጎተቷት። ጥሩምባው ወድቆ ተረገጠ።

ያሰሯት ከእሜቴ ሸዋረጋ ቤት ጓሮ ነው። ቀበሌው የድሮውን ወጥ ቤት እስር ቤት አድርጎታል። ይርገዱ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ቆማ ግድግዳውን አየች። ከመሬት እስከ ጣራ ጥቁር ነው። ምድጃው ተነሥቷል፤ ጥላሸቱ ግን አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኅቷ በዓይኗም በሳንባዋም የጠጣችው ጢስ ነው። ማዕዘኑ ላይ የመደቧ ቦታ ይታያል፤ አንድ ሰው እግሩን አጥፎ የሚተኛበት ያህል ነው። ይርገዱ እዚያ ላይ ለመቀመጥ እምቢ አለች። እስኪመሽ ቆመች።

እሑድ ቀትር ላይ ከውጭ ድምፅ ሰማች። በር የሚጠብቀው ስማቸው የሚባል ቁጡ ጎልማሳ ነው።

"ምንድን ነው የያዛችሁት?"

"ምግብ ነው።" የእጅጋየሁ ድምፅ ነው።

"ለማን?"

"ለወይዘሮ ይርገዱ።"

"ለማን አልሽ?"

"ለወይዘሮ ይርገዱ!" አለች ሌላ ሴት። "ጆሮህ አይሰማም እንዴ?"

"ጓድ በሉ። ሊቀመንበሩ እዚያ ውስጥ አለ።"

"እንኳን አለ! ይስማ! ለወይዘሮ ይርገዱ አንዳርጋቸው!"

ስንት እንደሆኑ አታያቸውም፤ ከድምፃቸው አሥርም አሥራ አምስትም ይሆናሉ። ጥበቃው ስማቸው አጉረመረመ፤ ከዚያ በሩን አንኳኳ። በሚጠብቀው እስር ቤት በር ላይ አንኳኳ።

"ወይዘሮ ይርገዱ፣ ምሳዎ መጥቷል።"

ይርገዱ ደሟ ፈላ። በሩን በመዳፏ መታችው።

"ለእኔ አይደለም! እኔን ተዉኝ! እኔን አንቺ በሉኝ፣ ይርጌ በሉኝ፣ አልቃሿ በሉኝ! ለእኔ ብዬ ነው እንዴ ጥሩምባ የነፋሁት? ለሕያው ለማለትማ ማንም ይላል! ስሟን በሉ! እሷን በሉልኝ! ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ለአርባዋም፣ ለሙት ዓመቷም! ድንቄ ያላችኋትን ያህል በሉልኝ!"

ከቤቱ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ደመቀ መነሣቱ ነው። የሴቶቹ እግር ግን አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እጅጋየሁ፣ በሕይወቷ ሙሾ አውርዳ የማታውቅ ሴት፣ በሻከረ ድምፅ ጀመረችው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድስት ያጠቆራቸው...

ዜማውን አበላሸችው። ይርገዱ ሌላ ቀን ቢሆን ታርማት ነበር። አሁን ግን ጥላሸት በነካው መዳፏ በሩን እየደበደበች ከውስጥ ተቀበለቻት። ሃያ ዓመት አውራጅ እንጂ ተቀባይ ሆና አታውቅም።

"ወይዘሮ ወርቅውሃ!" አለች። "ወይዘሮ ወርቅውሃ!"

ቁልፉ ሲዞር ሰማች። አላቆመችም።